እጄን የጣለው የጭነት ቋጠሮ

መጀመሪያ የደነዘዘው በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለው የእጄ ጀርባ ነው። የቀኝ እጄ። አላመመኝም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ቢያመኝ ኖሮ እጮህ ስለነበርና ብጮህ ደግሞ ዛሬ የምጽፈው ታሪክ ስለማይኖረኝ ነው። ጉንዳን የሄደበት ያህል ትንሽ ወረረኝ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥ ሲል ተሻለኝ ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ባለው ቤታችን። ውጭ ይዘንባል። ባለቤቴ ዮናታን ክንዶቼን ወደ ኋላ አድርጎ በገመድ አስሮኝ ነበር። በፈቃዴ፤ ያውም እኔው ጠይቄው። እዚህ ላይ ደንግጦ ማንበቡን የሚተው ካለ አልቀየመውም። ነገሩ ባልና ሚስት በመኝታ ቤታቸው ተስማምተው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። በእንግሊዝኛ ስም አለው፤ በአማርኛ ስሙን የሚነግረኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። እኛ "ማሰር" ሲባል ትዝ የሚለን ሌባና በሬ ነው። ስም ስለሌለው አናወራውም፤ ስለማናወራው የሚያስተምረን የለም፤ ሳንማር ግን እናደርገዋለን። እኔና ዮናታንም ያደረግነው እንደዚያው ነው።

ስሜ ሰላማዊት ይባላል። ከጓደኛዬ ከራሔል ጋር ዌስትላንድስ ውስጥ ጸጉር ቤት አለን፤ ዋናው ሥራዬ ሹሩባ ነው። ሠርግ ሲደርስ ከሩንዳ ድረስ ትራፊኩን ታግለው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። ዮናታን ደግሞ የቱሪስት ሾፌር ነው፤ ድንኳኑንና ሻንጣውን መኪናው ጣራ ላይ ጭኖ እስከ ማሳይ ማራ ፓርክ ድረስ ይነዳል። የሚመካበት አንድ የጭነት ቋጠሮ አለው። መንገዱ መኪናውን ባናወጠው ቁጥር ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ሁለታችንም ያን ቋጠሮ ስለምናምነው እሱኑ ክንዴ ላይ አዋልነው። ገመዱ ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ፣ በላይኛው ክንዴ መሀል ላይ፣ በውጭው በኩል ዞሯል። እኔ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ቋጠሮው የለመደውን ሥራ ሠራ።

ዮናታን ደጋግሞ ጣቶቼን ይዳስስ ነበር። ይሞቃሉ፣ መልካቸውም ደህና ነው፣ ደም እየሄደ ነው ይላል። እውነቱን ነው፤ ደም እየሄደ ነበር። ሲታሰር የሚታፈነው ደም ብቻ ይመስለን ስለነበር ነርቭ የሚባለውን ነገር አላሰብነውም። ደህና ነሽ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ አልኩት። ፈርቼው አይደለም። ዮናታን ዶሮ የሚያርድለት ጎረቤት የሚለምን ሰው ነው፤ ማን ይፈራዋል? ይሉኝታ ይዞኝ ነው። እንዲያ ተጠንቅቆ፣ እንዲያ ደስ ብሎት ሳለ "ፍታኝ" ማለት፣ ሰው ቤት ተጋብዞ ወጡ ጨው በዛበት እንደማለት ሆነብኝ። በገዛ ባሌ ፊት ይሉኝታ የሚይዘኝ ሴት መሆኔን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። በዚያ ላይ የሙያ ልማድ አለብኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጣ "ኧረ ጠበቀ" ለምትል ሴት ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፦ ትንሽ ቻይው፣ ነገ ይለቃል። ለራሴም ይህንኑ አልኩ።

በመጨረሻ በቃኝ ስለው ወዲያው ሊፈታኝ ተነሳ። ቋጠሮው አልፈታ አለ። በጥፍሩ ሞከረ። በጥርሱ ሞከረ። መቀስ ፍለጋ ሄደ። ጸጉር ቤቴ መቀስ በመቀስ ነው፤ ቤታችን ግን አንድም አልነበረም። የወጥ ቤት ቢላዋ ይዞ መጣ፤ ወደ ቆዳዬ አስጠጋውና እንዳይቆርጠኝ ፈርቶ መልሶ አስቀመጠው። እንደገና በጥርሱ ታገለው። ሲፈታ ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ቀኝ እጄን ወደ ፊት አመጣሁት። ክርኔ ተዘረጋ። እጄ ግን ከአንጓው ወደ ታች ተንጠለጠለ። ቀና ላደርገው ሞከርኩ። አልተነሳም። ጣቶቼን ልዘረጋ ሞከርኩ። አልሰሙኝም። በግራ እጄ ደግፌ አነሳሁት። ስለቀው ወደቀ።

ዮናታን ሳቁን አቆመ።

ስትሮክ መስሎት ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ሳቂ አለኝ። ሳቅሁ። አፌ አልተጣመመም። ሆስፒታል እንሂድ አለ። ምን ብለን? አልኩት። ክንዴ ላይ የገመዱ መስመር ክር በክር ይታያል። የቤቴን ገበና ለማላውቀው ሐኪም ከምዘረግፍ ቢቀርብኝ ይሻለኛል ብዬ ተከራከርኩ፤ አድሮ ይለቃል አልኩ። ከመተኛታችን በፊት ትንሿ ጣቴ በጭንቅ ቀና ስትል አየሁና በእሷ ተጽናናሁ። ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህ እጅ ካልተነሳ ሹሩባ የለም። ሹሩባ ከሌለ ደግሞ እኔ ማን እንደሆንኩ አላውቅም። ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ የምታወቀው በእጄ ነው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እጄን በሻርፕ ሸፈንኩት። የጸሎት ቡድናችን መሪ እትዬ ብዙነሽ ሰላም ሲሉኝ ግራ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ደግሞ የሚያመልጣቸው ነገር የለም። ሻርፑን ገለጥ አድርገው አዩና ምን ሆነሽ ነው አሉኝ። ከደረጃ ወድቄ ነው አልኩ። እዚያው እጄን ይዘው ጸለዩልኝ፤ "አሜን" ካሉ በኋላ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ ኢስሊ ያሉ አንድ ወጌሻ ጋ እንድሄድ አዘዙኝ። እትዬ ብዙነሽ ጴንጤ ናቸው፤ ወጌሻው ጋሽ ሁሴን እስላም ናቸው፤ ናይሮቢ ያለ ሐበሻ በወጌሻ ጉዳይ ሃይማኖት አይለይም። የማን ልጅ ክንድ፣ የማን ባል ቁርጭምጭሚት በእሳቸው እጅ እንደዳነ ስንቱን ሰምቻለሁ። እውነትም ነው።

ሰኞ ሄድን። ጋሽ ሁሴን ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አስቀመጡኝ። ክንዴ ላይ ያለውን መስመር አይተው ምንድን ነው ሲሉኝ የቦርሳ ማንገቻ ነው አልኩ። ትንሽ አዩኝ። አጥንቱን ዳስሰው ስብራት የለም፣ ጅማት ዞሮ ይሆናል አሉ። ለወደቀ ሰው የሚያደርጉትን አደረጉልኝ። በሞቀ ዘይት አሹኝ፤ ክንዴን ሳቡት፤ ከዚያ ጨርቅ ቀደው ላይኛው ክንዴን ጥብቅ አድርገው ጠመጠሙልኝና እንዳትፈቺው አሉ። ጨርቁ ያረፈው ልክ ገመዱ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ቤት ስደርስ ጉንዳኑ ተመለሰ። አሁንም ቻልኩት።

ማክሰኞ ጠዋት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ትንሿን ጣቴን አየኋት። ተነሺ አልኳት። ዝም። እንደገና። ዝም። ያለችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ዮናታን በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። "ሰሊ፣ ሰው የፈለገውን ይበለኝ" አለ። "እጅሽ ይበልጣል። ተነሺ።"

ዶክተር ንጄሪ የነርቭ ሐኪም ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ፣ ፈገግታ የማያበዙ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ጨርቁን ፈቱት። ክንዴን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት። ግራውንም አዩት፤ እዚያም ደብዝዞ ያው መስመር አለ። ከዚያ ዮናታንን አዩት። በትሕትና ውጭ እንዲጠብቅ ጠየቁት። ወጣ። በሩን ዘጉ። ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ።

"ቤትሽ ውስጥ ሰላም ነሽ?" አሉኝ። "ይህን ያደረገብሽ አሁን የወጣው ሰው ነው?"

ያኔ ገባኝ። እዚህ ዝም ካልኩ፣ ወይም የደረጃውንና የቦርሳውን ነገር ከደገምኩ፣ ዮናታን ሚስቱን አስሮ የሚደበድብ ሰው ሆኖ ይቀራል። ገበናዬን ልሸፍን ስል ባሌን ላስረክብ ነው። እናም ተናገርኩ። ደግነቱ በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ቢሆን አንደበቴ አይታዘዘኝም ነበር፤ በእንግሊዝኛ ግን ቃላቱ የእናቴ ስላልሆኑ ሐፍረቱ ግማሹን ቀነሰልኝ። ማን እንደጠየቀ፣ ገመዱ የት እንደዞረ፣ መች እንደደነዘዘኝ፣ ቋጠሮው እንዴት እንደጠበቀ፣ ወጌሻው ምን እንዳደረጉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሰማይ አልተደረመሰም። ዶክተሯ ቅንድባቸውን እንኳ አላነሱም። ብቻ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ አቁም ስትዪው ያቆማል? አዎ፣ ያቆማል፤ እኔ ነኝ ያላልኩት፣ አልኳቸው። ፊቴን ትንሽ አይተው ብዕራቸውን አነሱ።

"ጥሩ" አሉ። "አሁን ላክምሽ እችላለሁ።"

በብዕሩ ክንዴ ላይ መስመር ሳሉ። ራዲያል ነርቭ ይባላል። ከብብት ተነስቶ በላይኛው ክንድ ጀርባ ዞሮ፣ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ወደ ውጭው በኩል ይወጣና እስከ እጅ ጀርባ ይወርዳል። መሀል ክንድ ላይ በአጥንቱና በሚጫነው ነገር መካከል የሚከላከልለት ብዙ ሥጋ የለውም። የእጅ አንጓን ቀና የሚያደርገው፣ ጣትን የሚዘረጋውም እሱ ነው። እሱ ሲጎዳ እጅ እንደ እኔው ይንጠለጠላል፤ ሪስት ድሮፕ ይሉታል። ክርኔ መዘርጋቱ ጉዳቱ የት ጋ እንደሆነ ይነግራቸዋል። ነርቩ ተቆርጦ ሳይሆን ተጨፍልቆ ነው ብለው ይገምታሉ፤ ስሙም ኒውራፕራክሲያ ነው። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል አሉኝ። ብዙ ጊዜ ማለት ሁልጊዜ ማለት እንዳልሆነም አልደበቁኝም።

ከዚያ ዮናታንን አስገቡትና ያንኑ መስመር በእሱ ክንድ ላይ ሳሉለት። እጅ ሞቆ፣ መልኩ ደህና ሆኖ ነርቩ ሊጎዳ እንደሚችል ሲነግሩት አለቀሰ። ሶፍት አቀበሉትና እስኪጨርስ ጠበቁት። አልተቆጡንም፤ አልሰበኩንም። አንጓዬን ቀና አድርጎ የሚይዝ ስፕሊንት አዘዙልኝ። ማሸት የለም፣ መሳብ የለም፣ መጠምጠም የለም። የደነዘዘ ቆዳ ቃጠሎ ስለማያውቅ ከፈላ ውኃና ከጸጉር ማድረቂያ እንድጠነቀቅ አስጠነቀቁኝ። ነርቩ ያለበትን ሁኔታ የሚያሳየው ኢ.ኤም.ጂ. የሚባለው ምርመራ ቶሎ ከተደረገ በግልጽ ስለማያሳይ ሦስት ሳምንት ያህል መጠበቅ ነበረብን።

የከበደኝ ያ ጥበቃ ነው። ቁልፍ መቆለፍ አልችልም። ብርጭቆ እይዛለሁ፤ አልለቀውም፤ ጣቴ ስለማይዘረጋ በግራ እጄ አላቅቀዋለሁ። ጸጉር ቤት ሄጄ ተቀምጬ ራሔል ብቻዋን ስትሠራ አያለሁ፤ ደንበኞቼ "እግዜር ይማርሽ" ብለው እሷ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ዮናታን ደግሞ ሌላ በሽታ ያዘው። ገመዶቹን ሁሉ ከቤት አወጣ። አልጋው ጠርዝ ላይ መተኛት ጀመረ። ሲነካኝ እንቁላል የሚነካ ይመስላል። አንድ ቀን ተበሳጨሁ። እጄን አጥቼ ባሌንም ልጣ? ጥፋቱን መካፈል ካማረህ፣ በኋላ ቁጭ ብለን እንካፈለዋለን፤ አሁን ጸጉሬን እጠብልኝ አልኩት።

አጠበልኝ። ሻምፑ ዓይኔ ውስጥ ጨመረብኝ፤ ግን አጠበልኝ። ከዚያ ሹሩባ ልሥራሽ ብሎ ተነሳ። እኔ በቃል አስተማርኩት፤ እሱ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ሠራ። መስታወት ሳይ ከማራ የተመለሰ ሻንጣ መስዬ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አብረን የሳቅነው ያን ጊዜ ነው። ሲሠራው "ጠበቀሽ? ጠበቀሽ?" ያለው ብዛቱ! እኔ በስንት ዓመት ሙያዬ የዚያን ያህል ጠይቄ አላውቅም።

ኢ.ኤም.ጂ. በቀጭን መርፌና በትንንሽ ኤሌክትሪክ የሚደረግ ነው። ደስ አይልም። ዶክተር ንጄሪ ማሽኑ ላይ የሚዘለውን መስመር ብዙ አዩት። እኔ መስመሩን ትቼ ፊታቸውን አየሁ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

"ነርቩ አልሞተም" አሉ። "ደንግጧል። ጊዜ ስጪው።"

ከዚያ በኋላ ያለው የፊዚዮቴራፒው የኦቲየኖ ሥራ ነው። ኦቲየኖ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሁሉን ነገር "ፖሌ ፖሌ" በሚለው የሚጀምርና በእሱው የሚጨርስ ሰው ነው። እኛም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን ብዬ ተርጉሜ ስነግረው በጣም ወደደውና ለሌሎች ታማሚዎችም በስዋሂሊ ይነግርልኝ ጀመር፤ እንቁላሉ እስከ ሞምባሳ የደረሰ ይመስለኛል። አንጓዬና ጣቶቼ እንዳይደርቁ በግራ እጄ ቀስ አድርጌ እንዳንቀሳቅሳቸው፣ እጄን ጠረጴዛ ላይ በጎኑ አጋድሜ በሐሳቤ እንድገፋው፣ ባይንቀሳቀስም እንደሚንቀሳቀስ አድርጌ እንዳዘው አስተማረኝ። የማይሰማ እጅ ማዘዝ ሞኝነት ይመስላል። ዮናታን ግን ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የራሱን እጅ ከእኔው ጋር ጠረጴዛው ላይ እያጋደመ አብሮኝ ያዝዝ ነበር፤ እሱም ታማሚ ይመስል።

እጄ የተነሳው ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ነው። ከፓርክላንድስ ወደ ሥራ ስሄድ ዌስትላንድስ መግቢያ ላይ መንገዱ እንደተለመደው ተዘግቶ፣ ሙዚቃው መስኮቱን እያርገበገበው፣ ስፕሊንቱን ፈትቼ እጄን ጭኔ ላይ በጎኑ አጋድሜ እንደ ልማዴ ሳዘው፣ ከአንጓዬ በላይ አንድ ጅማት ከቆዳዬ ስር ሽው ስትል አየሁና የመኪናው ንዝረት ነው ብዬ ተውኩት፤ ሾፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ እንደገና አዘዝኩት፤ እጄ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቀና አለ። ጮህኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ስልኬን የተሰረቅሁ መስሏት ቦርሳዋን ያዘች። በተሰባበረ ስዋሂሊዬ ሞቶ የነበረው እጄ ተነሳ አልኳት፤ ደግሜ አሳየኋት፤ ጎንበስ ብላ አየችና "ሙንጉ ኒ ምዌማ" አለች፤ እግዚአብሔር ቸር ነው ማለቷ ነው። ከዚያ ማታቱ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ አወራችውና ሳላስበው ተጨበጨበልኝ። ስሟን አልጠየቅኋትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲያ መልሱ እየፈጠነ መጣ። መጀመሪያ አንጓዬ፣ ቀጥሎ ጣቶቼ፣ በመጨረሻ ግትሩ አውራ ጣቴ፤ ነርቩ ወደ ታች እየወረደ ቤት ለቤት ሰላምታ የሚያደርስ ይመስል ነበር። ዛሬ ሙሉ ቀን እሠራለሁ። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አንድ ሳንቲም የምታህል ቦታ እስካሁን ደንዛዛ ናት፤ ዶክተር ንጄሪ ልትቀር ትችላለች ብለውኛል። ትቅር፤ አልተጣላንም።

በዳንኩ ጊዜ እኔና ዮናታን ጋሽ ሁሴን ጋ ሄድን። መውቀስ አልፈለግንም፤ በእኔ ውሸት ሌላ ሰው እንዲጎዳባቸው አልፈለግሁም። ዝርዝሩን ትተን፣ ነርቩ በገመድ ታፍኖ እንደነበር ብቻ ነገርናቸው። አንገታቸውን ደፍተው "ልጄ፣ ብትነግሪኝ በጨርቅ ደግሜ አላፍነውም ነበር" አሉኝ። አሁን እጁ የደነዘዘ ሰው ሲመጣ አልነካም ብለው ወደ ሆስፒታል እንደሚልኩ ከእትዬ ብዙነሽ ሰምቻለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ተርቼዋለሁ፤ ለራሴ ሲሆን ግን ትዝ አላለኝም።

ይህን ለመጻፍ የወሰንኩት በራሔል ምክንያት ነው። ለእነዚያ ወራት ሁሉ የእኔንም ሥራ ደርባ ስለሠራች እውነቱ ይገባታል ብዬ አንድ ቀን ጸጉር ቤቱን ከዘጋን በኋላ ነገርኳት። ትስቃለች ወይ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ብሩሽ ማጽዳቷን ቀጠለች። ቀና ሳትል "እንዲያ ካደረግን በኋላ የእኔም አውራ ጣት አንዳንዴ ይደነዝዛል" አለችኝ። ራሔል የመዘምራን ቡድን ሴክሬታሪ ናት። በነጋታው ዶክተር ንጄሪ ጋ ይዣት ሄድኩ፤ የእሷ ገና ቀላል ስለነበር ለነርቩ ዕረፍት በመስጠት ብቻ ተመለሰላት። እንግዲህ በዚህች ጠባብ ጸጉር ቤት ውስጥ ሁለት ከሆንን በየቤቱ ስንት ይሆን ብዬ ነው ልጽፍ የተቀመጥኩት።

ስለዚህ እናንተ በየቤታችሁ ያላችሁ፣ ከእጄ የተማርኩትን ስሙኝ። አታድርጉት ለማለት እኔ ማን ነኝ፤ ሳታውቁ ግን አታድርጉት። ገመድ በላይኛው ክንድ መሀል በውጭው በኩል አይጫን፤ አንገት ላይ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። በእንቅስቃሴ የሚጠብቅ ቋጠሮ ለሻንጣ ነው። ማሰሪያው ሰፋ፣ ላላ ብሎ ጣት የሚያስገባ ይሁን። ሰውን በገመድ ከመሬት ማንሳት ጀማሪ የሚሞክረው አይደለም። የጠጣ ሰው አያስርም፤ የታሰረ ሰው ለአፍታም ብቻውን አይተውም። ጫፉ ዱልዱም የሆነ፣ ቆዳ የማይወጋ መቀስ በእጅ ርቀት ይኑር፤ ገመድ ይገዛል፣ ነርቭ አይገዛም። የእጅ ሙቀትና መልክ ብቻ አይታመን፤ አንጓሽን ቀና አድርጊ፣ ጣቶችሽን ዘርጊ፣ ጨብጪ እያሉ ደጋግሞ መጠየቅ ነው። መውረር፣ መደንዘዝ ወይም መድከም ከመጣ ቋጠሮውን እያስተካከሉ አይቀጥሉም፤ በዚያው ሰከንድ ይፈታል። ከተፈታ በኋላ እጅ ካልታዘዘ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ሐኪሙ ፊት ደግሞ እውነቱን ተናገሩ፤ በአማርኛ ከከበዳችሁ በእንግሊዝኛ፣ በእንግሊዝኛ ከከበዳችሁ በጣታችሁ እያሳያችሁ። ሌላው ደግሞ፣ በፈቃዷ ሳይሆን በግድ የታሰረች ሴት ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ያ በር ሲዘጋና ያ ጥያቄ ሲመጣ ያንቺንም እውነት ተናገሪ። ጥያቄው የተጠየቀው ለአንቺ ነው።

ዛሬስ እንዴት ናችሁ ለሚለኝ፦ የጭነት ገመዱ መኪናው ጣራ ላይ ነው። አልጋችን አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ መቀስ አለ። ከዚህ በላይ ገበናዬን አላወጣም።

እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ሳይደግስ አይጣላም። በር ዘግተው የጠየቁኝን ዶክተር ንጄሪን፣ ኦቲየኖንና እንቁላሉን፣ ያላወቁትን ለመማር ያላፈሩትን ጋሽ ሁሴንን፣ ሥራዬን የደረበችልኝን ራሔልን አመሰግናለሁ። ማታቱ ውስጥ ያጨበጨበልኝን ሰው ሁሉ። ዮናታንን ግን እንዴት እንደማመሰግነው አላውቅም። እጁን ከእጄ ጋር ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ የተቀመጠበትን ጊዜ ሁሉ አስታውሳለሁ፤ እወደዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሙሽራ ከሩንዳ መጣች። ገና ልጅ ናት፤ አፍራ አፍራ ታወራለች። የግንባሯን መስመር ስይዝ ትከሻዋ ትንሽ ከፍ ሲል አየሁ። ጠበቀሽ? አልኳት። "ምንም አይደለም፣ እችለዋለሁ" አለችኝ።

እጄን አቆምኩ። አንጓዬ ቀና ብሎ፣ ጣቶቼ ተዘርግተው ጸጉሯ ላይ ነበሩ። "አትቻይው" አልኳት፤ የጨረስኩትን መስመር በሙሉ ፈታሁት።